ያየ ይመስክር፦ ስለ ጦር ሜዳ የጀግንነት ሜዳዮች ጥያቄና መልስ

ስለ ጀግንነት ሽልማቶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ማን ነህ ላላችሁኝ፦ በውትድርና ዘመኔ የሻለቃ ጸሐፊ ነበርኩ። አዛዦች ለሽልማት የሚያጩትን ወታደር ታሪክ የምጽፈው፣ ምስክር የማስፈርመው፣ ፋይሉን ወደ በላይ የምልከው እኔ ነበርኩ። ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ ወዲህም የየአገሩን ሜዳይ ታሪክ ማንበብ አልተውኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንዳንድ መኮንን ደረቱ በሜዳይ ተሸፍኖ ይታያል። ያ ሁሉ ጀብዱ ሠርቶ ነው?

አይደለም ልጄ። አብዛኛው የአገልግሎት ነው። ይህን ያህል ዓመት ያገለገለ፣ በዚህ ዘመቻ የተሰለፈ፣ ሰላም ማስከበር የሄደ፣ በሥነ ሥርዓቱ የተመሰገነ ሁሉ ሜዳይ ያገኛል። ክብሩ ይገባዋል፤ የጀግንነት ግን አይደለም። በተኩስ መሐል ለተሠራ ጀብዱ የተሰጠው ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ ብዛቱን ትተህ ቦታውን ተመልከት። በብዙ ሠራዊት ደንብ ትልቁ ሽልማት የሚቀመጠው በላይኛው ረድፍ፣ ወደ ደረቱ መሐል በሚጠጋው ጫፍ ላይ ነው።

በዘወትር የደንብ ልብስ ላይ የምታያቸው ባለ ቀለም ጨርቆች ሪባን ይባላሉ። የሜዳዩ ወኪሎች ናቸው፤ ሜዳዩ ራሱ የሚወጣው ለሰልፍና ለክብረ በዓል ነው። ሪባኑ ላይ ትንሽ ኮከብ ወይም የብረት ቅጠል ከተተከለበት ብዙውን ጊዜ ያው ሽልማት ተደግሞ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኒሻንና ሜዳይ ይለያያሉ ወይስ አንድ ናቸው?

በአነጋገር እንቀላቅላቸዋለን። ኒሻን ከመነሻው ደረጃ ያለው የክብር ማኅበር አባልነት ምልክት ነበር። ናፖሊዮን በ1802 ያቋቋመው ሌዥዮን ዶነር እንዲህ ያለ ነው፤ ወታደሩም ሲቪሉም ይገባበታል። ሜዳይ ግን ለአንድ ለታወቀ ሥራ ወይም ዘመቻ የሚሰጥ ነው። (ሜዳሊያ የሚለውን ለሩጫውና ለኳሱ ብንተውለት እመርጣለሁ።)

ጥያቄ፦ የአሜሪካኖቹ ሐምራዊ ልብ፣ ፐርፕል ሃርት የሚሉት፣ ከጀግንነት ሽልማቶች ስንተኛ ነው?

ከጀግንነት ሽልማቶች ውስጥ አይቆጠርም። በጠላት እጅ ለቆሰለ ወይም ለሞተ የሚሰጥ ነው። የሚጠይቀው ደም ብቻ ነው፤ ምን አደረግህ አይልም። መነሻው ግን ሌላ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በነሐሴ 1782 ለተራ ወታደሮች ብሎ በልብ ቅርጽ የተቆረጠ ሐምራዊ ጨርቅ አቋቋመ፤ መቀበላቸው የታወቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ተረስቶ ኖረና ዋሽንግተን የተወለደበት 200ኛ ዓመት ሲከበር በ1932 እንደገና ተነሣ። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጃፓንን ለመውረር ሲዘጋጁ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ አሠርተው ነበር። ወረራው ቀረ፤ በኋለኞቹ ጦርነቶች የቆሰሉ ልጆች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከዚያው ክምችት ሲሸለሙ ኖሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ወታደር ጀብዱ ሠራ እንበል። ሜዳዩ ደረቱ ላይ እስኪደርስ ምን ምን ያልፋል?

ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው።

ወታደሩ ራሱ አያመለክትም። ያየው ሰው ይናገራል፣ የቅርብ አዛዡ ይጽፋል። ጽሑፉ ሙገሳ ከሆነ ዋጋ የለውም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ጠላት በምን ያህል ርቀት እንደነበረ፣ በምን ይተኩስ እንደነበረ፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ ባያደርገው ኖሮ ጓዶቹ ምን ይሆኑ እንደነበር መገለጽ አለበት። ከሁሉ በላይ የሚመረመረው አንድ ነጥብ ነው፦ ይህ ሰው ያደረገው ግዴታው ነበር ወይስ ግዴታውን አልፎ ሄደ? መትረየስ ተኳሽ መትረየሱን ቢተኩስ ሥራውን ሠራ። ምሽጉን ለቅቆ የወደቀ ጓዱን ሊያነሣ ቢወጣ ግን ማንም አላዘዘውም።

ከዚያ ፋይሉ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በየደረጃው ያለ አዛዥ ማጽደቅ፣ ዝቅ ያለ ሜዳይ ይበቃዋል ማለት ወይም መመለስ ይችላል። ለትልልቆቹ ሽልማቶች የመጨረሻው ፊርማ የንጉሡ ወይም የፕሬዚዳንቱ ነው። ለእንግሊዞቹ የቪክቶሪያ መስቀል በተለምዶ የሦስት ምስክሮች ቃል ይፈለጋል።

አንድ ፋይል እስከ ዛሬ አይወጣልኝም። ከአንድ ውጊያ ማግስት አንድ ወጣት ወታደር ምስክርነት ሊሰጥ ቢሮዬ መጣ። እጁ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበረ፤ ወረቀቱን እንዳያቆሽሽ ብሎ እስክሪብቶውን በሁለት ጣቱ ብቻ ያዘው። ስለ ጓዱ ነበር የሚናገረው። «ወጣና አንዱን ጎትቶ አመጣ» አለ። ጻፍኩ። «ተመልሶ ሄደ።» ጻፍኩ። «ሁለተኛውን አመጣ።» ዝም አለ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ተመልሶ ሄደ» አለና ፈረመ። ሦስተኛውን ይዞ አልተመለሰም። ፋይሉን ላክሁ፤ ከወራት በኋላ «ሁለተኛ ምስክር የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛውን ምስክር ከየት ላምጣ? ተጎትተው የወጡት ሁለቱም በቁስላቸው አልፈው ነበር። ደንቡ ለምን እንደተደነገገ አውቃለሁ፤ ያለ ምስክር ቢሰጥ ሜዳይ የአዛዥ ወዳጅ ጌጥ ይሆናል። ያንን ልጅ ግን ጀግና አይደለም የሚለኝ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያዩት ሁሉ ሞተው ጠላት ብቻ ቢተርፍስ?

ይህማ ደርሷል። ነሐሴ 1943 ላይ ሎይድ ትሪግ የተባለ የኒው ዚላንድ አብራሪ በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ አንድ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አገኘ። ሊመታው ሲጠጋ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተቀጣጠለ። ማምለጥ ይችል ነበር፤ እሳቱን ይዞ ዝቅ ብሎ ገባ፣ ቦምቡን ጣለ፣ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከእርሱ ጋር የነበሩት ሁሉ አለቁ። መርከቡም ሰጠመ። ጥቂት ጀርመኖች የተረፉት ከወደቀው አውሮፕላን ተነጥሎ የተንሳፈፈውን የጎማ ጀልባ አግኝተው ነው። ሲማረኩ አዛዣቸው ስለ አብራሪው ድፍረት ተናገረ፤ ትሪግ የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለመው በጠላቶቹ ቃል ነው። እኔ ከማውቃቸው ምስክርነቶች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ሊገድልህ የመጣውን ሰው ደፋር ነበር ብሎ መመስከር የራሱ ወንድነት አለው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ማሽንም ይመሰክራል። ጆን ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ በመጋቢት 2002 አፍጋኒስታን ውስጥ ተራራ ላይ ሲዋጋ ሞተ። መጀመሪያ የተሸለመው ሁለተኛውን ደረጃ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከሰው አልባ አውሮፕላን የተቀረጸው ምስል እንደገና ሲመረመር፣ ሞቷል ተብሎ ከተተወ በኋላ ብቻውን ሲዋጋ እንደነበር ታመነበት። በ2018 የአገሩ ትልቁ ሽልማት የሆነው የክብር ሜዳይ ለቤተሰቡ ተሰጠ።

ጥያቄ፦ የቪክቶሪያ መስቀል ለምን እንዲህ ተከበረ? ወርቅ ነው?

ነሐስ ነው፤ 27 ግራም ገደማ፣ መዳፍ ላይ ቢቀመጥ ከሳንቲም ብዙ አይበልጥም። ንግሥት ቪክቶሪያ በጥር 1856 የክራይሚያ ጦርነት ሊያበቃ ሲል አቋቋሙት። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ሠራዊት ትልልቁ ክብር የሚሄደው ለከፍተኛ መኮንኖች ነበር፤ ይህኛው ግን ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር እኩል ሆነ። ጽሑፉን በተመለከተ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ። በረቂቁ ላይ «ለደፋሮች» የሚል ነበር፤ ንግሥቲቱ ወታደሮቼ ሁሉ ደፋሮች ናቸው ብለው «ለጀግንነት» አስባሉት። ጀርባው ላይ ጀብዱው የተሠራበት ቀን ይቀረጻል፤ ስሙ ከላይ ሪባኑን በሚይዘው ዘንግ ጀርባ ነው። እስከ ዛሬ ከ1,350 ትንሽ በሚበልጥ ቁጥር ነው የተሰጠው። ሁለት ጊዜ ያገኙት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አርተር ማርቲን-ሊክ፣ ኖኤል ቻቫስ እና የኒው ዚላንዱ ቻርለስ አፕሃም።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ሐኪሞች ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። ሐኪም እንዴት የጦር ሜዳ ጀግና ይባላል? ሰው ሳይገድል?

እውነት ነው፣ ማርቲን-ሊክና ቻቫስ ሐኪሞች ነበሩ። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ግምት ግን ላርም። የጀግንነት ሜዳይ የግዳይ ቁጥር አይደለም። መዝገቦቹን ብታገላብጥ እጅግ ብዙዎቹ የተሰጡት ሰው በማዳን ነው። ቻቫስ በ1916 ሌሊት በሁለቱ ምሽጎች መካከል እየተሳበ ቁስለኛ ሲሰበስብ አደረ። በቀጣዩ ዓመት ራሱ ቆስሎ ከቦታው አልሄድም አለ፣ ሌሎችን ሲያነሣ እንደገና ተመታና ሞተ።

ዴዝመንድ ዶስንም ጨምርበት። በእምነቱ ምክንያት ጠመንጃ አልነካም ያለ የሕክምና ረዳት ነበር፤ በማሠልጠኛ ጓዶቹ ያንቋሽሹት ነበር። በ1945 በኦኪናዋ፣ ጦሩ ከገደሉ ሲያፈገፍግ እርሱ ላይ ቀረ። ቁስለኞቹን አንድ በአንድ በገመድ እያሰረ አወረዳቸው። ያዳናቸው 75 ተብለው ተመዘገቡ። የአገሩን ትልቁን ሜዳይ ሲቀበል ጥይት ተኩሶ አያውቅም።

ጥያቄ፦ በጥንት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?

ነበር፤ ያውም ያማረ። ሮማውያን የዜጋን ሕይወት በጦር ሜዳ ላዳነ ወታደር ከባሉጥ ቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ይሰጡት ነበር። ዳነ የተባለው ሰውዬ ራሱ መመስከር ነበረበት። አክሊሉን ያደረገ ሰው ወደ ትርኢት ቦታ ሲገባ ሴናተሮች ሳይቀሩ ይነሡለት ነበር። ከዚያም የሚበልጠው የሣር አክሊል ነበር። የተከበበ ጦርን ላዳነ አዛዥ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሣሩ የሚነቀለው ከዚያው ከተከበቡበት መሬት ነው። የወርቁ አክሊል ከሣሩ ያነሰ ነበር። የሣሩን አክሊል የሚሰጠው ሴኔቱ አልነበረም፤ የዳኑት ወታደሮች ራሳቸው ጎንጉነው ያጠልቁለት ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ጦር በሙሉ በጀግንነት ሲዋጋ ማን ተመርጦ ይሸለማል? ሌላው አይከፋውም?

ለዚህ ሁለት መፍትሔ ተሞክሯል። የመጀመሪያው ምርጫ ነው። የቪክቶሪያ መስቀል ደንብ፣ አንዱን ከሌላው መለየት በማይቻልበት ጊዜ፣ ክፍሉ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፦ መኮንኖች አንድ መኮንን፣ የበታች ሹማምንት አንድ፣ ተራ ወታደሮች ሁለት ይመርጡ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተሠራበት በ1918 የዜብሩገ ወደብ ጥቃት ነው። ከሞት መልስ ተሰብስቦ «ከእኛ መካከል እሱ» ማለትን አስቡት።

ሁለተኛው ለጦር ክፍሉ በሙሉ መስጠት ነው። በኮሪያ ጦርነት አሜሪካ ለባዕድ አገር ክፍሎች ሳይቀር የፕሬዚዳንቱን የጦር ክፍል ሽልማት ሰጥታለች፦ በኢምጂን ወንዝ ለተዋጋው ለእንግሊዞቹ የግሎስተርሻየር ሻለቃ፣ በካፕዮንግ ለአውስትራሊያው 3ኛ ሻለቃ፣ ለኢትዮጵያውም ቃኘው ሻለቃ። ቃኘው በዚያ ጦርነት 121 ሰው ሞቶበት 536 ቆስሎበት አንድ ምርኮኛ አልሰጠም።

አልፎ አልፎ ሽልማቱ ለአገር በሙሉ ይደርሳል። የማልታ ደሴት ሕዝብ በቦምብ ድብደባ ሥር ስለጸና ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ በሚያዝያ 1942 የጆርጅ መስቀልን ለደሴቲቱ ሰጡ፤ ዛሬም ባንዲራዋ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ለተራ ወታደርና ለመኮንን የተለያየ ሜዳይ መስጠት ፍትሕ ነው?

አይደለም፣ በእኔ እምነት። እንግሊዞች ከ1ኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ለአንድ ዓይነት ጀብዱ ለመኮንኑ ወታደራዊ መስቀል፣ ለተራው ወታደራዊ ሜዳይ ይሰጡ ነበር። አንድ ምሽግ ላይ ጎን ለጎን የተዋጉ ሁለት ሰዎች ደረታቸው ላይ ልዩነት ይታይ ነበር። ያንን ያስቀሩት በ1993 ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሶቪየቶች በኅዳር 1943 ያቋቋሙት የስላቫ ኒሻን ለወታደሮችና ለሳጅኖች የታሰበ ነበር፤ ለጄኔራል አይሰጥም። ከሦስተኛ ደረጃ ጀምሮ ወደ አንደኛ ይወጣል። ሦስቱንም ያሟላ ሰው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጀብዱ ሠርቷል ማለት ነው። ፈረንሳዮች በ1852 ያቋቋሙት ወታደራዊ ሜዳይ ደግሞ የተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ሆኖ ሳለ፣ ጦር መርተው ድል ላደረጉ ጄኔራሎችም እንደ ልዩ ክብር ይሰጣል። ጄኔራሉ ከተራው ወታደር ጋር አንድ ሜዳይ በማድረጉ ይኮራል። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በቀለማቸው ወይም በሴትነታቸው ምክንያት የተነፈጉ አሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው እህቴ፤ የሚያሳዝነውም የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። ሄንሪ ጆንሰን የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የራሱ አገር ጦር ከነጮች ጋር አላሰልፍም ስላለው ክፍለ ጦሩ በፈረንሳዮች ሥር ሆኖ ተዋጋ። ግንቦት 1918፣ አርጎን ጫካ ዳር በሌሊት ከአንድ ጓዱ ጋር ዘብ ቆሞ ሳለ የጀርመን ቃኚዎች ወረሩት። የእጅ ቦምቡን ጨረሰ፣ ጠመንጃው ተሰናከለበት፣ በሰደፉ ተማታ፣ ሰደፉ ሲሰበር ጩቤ መዘዘ። የቆሰለ ጓዱን ሊወስዱበት ሲጎትቱ አስጣላቸው። ሲነጋ ሰውነቱ ላይ ከ20 በላይ ቁስል ነበረ። ፈረንሳዮች ወዲያው የጦር መስቀላቸውን ሰጡት። አገሩ ምንም አልሰጠውም፤ በ1929 በድህነት ሞተ። የክብር ሜዳይ የተሰጠው በ2015 ነው፤ 97 ዓመት ዘግይቶ።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር አሜሪካውያን በጦርነቱ ዘመን አንድም የክብር ሜዳይ አልተሰጠም ነበር። ፋይሎቹ እንደገና ታይተው በጥር 1997 ለሰባት ሰዎች ተሰጠ፤ በሕይወት የተገኘው ቨርነን ቤከር ብቻ ነበር። የሕንድ ወታደሮችም ለቪክቶሪያ መስቀል እንዲታጩ የተፈቀደው በ1911 ነው። ኩዳዳድ ካን በ1914 ቤልጅየም ውስጥ የመትረየስ ጓዶቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ቆስሎ ሲተኩስ ቆይቶ፣ ሞቷል ተብሎ ተትቶ፣ በሌሊት እየተሳበ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከእነርሱ የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሱ ሆነ።

ስለ ሴቶች ሚሉንካ ሳቪችን ልጥቀስልሽ። በባልካን ጦርነት ጊዜ ፀጉሯን ተቆርጣ የወንድ ልብስ ለብሳ በወንድሟ ፋንታ ዘመተች። ሴት መሆኗ የታወቀው ስትቆስል ነው። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ሰርቢያም ፈረንሳይም ትልልቅ ሜዳዮቻቸውን ሰጧት፤ በጀግንነት ሽልማት ከእርሷ የሚስተካከል ሴት ወታደር አላውቅም። ከጦርነቱ በኋላ ቤልግሬድ ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ኖረች።

ጥያቄ፦ ለሞተ ሰው ሜዳይ ምን ያደርግለታል?

ለሞተው ምንም። ለእናቱ፣ ለሚስቱ፣ አባቱን ለማያውቀው ልጅ ግን ብዙ ነው፤ ዕቃውን ሳይሆን አብሮት የሚሰጠውን የጀብዱ መግለጫ ማለቴ ነው፤ እንዴት እንደሞተ የሚነግራቸው ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች የቪክቶሪያ መስቀልን ለሞቱ መስጠት የጀመሩት ከ1900 ወዲህ ነው። የሕንድ ትልቁ የጀግንነት ሽልማት ፓራም ቪር ቻክራ ከ1947 ጀምሮ ለ21 ሰው ሲሰጥ 14ቱ ሞተው ነው። የፓኪስታን ትልቁ ሽልማት የኒሻነ ሐይደር ተሸላሚዎች እስካሁን ሁሉም የተሰዉ ናቸው።

አንድ ልጨምር። በ1999 ሕንድና ፓኪስታን በተዋጉበት በካርጊል ጦርነት ዮገንድራ ሲንግ ያዳቭ የተባለ የ19 ዓመት የሕንድ ወታደር በገመድ ገደል ወጥቶ፣ ደጋግሞ ተመትቶ ምሽግ አስለቀቀ። ሽልማቱ ሲታወጅ ከሞቱት ጋር ተቆጠረ። ልጁ ግን ሆስፒታል ተኝቶ እያገገመ ነበር። ወረቀት ሁልጊዜ የሚሳሳተው በክፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሜዳይ ይነጠቃል?

ድሮ ይነጠቅ ነበር። እስከ 1908 ድረስ ስምንት ሰዎች በስርቆት፣ ከጦሩ በመክዳትና በመሳሰለው የቪክቶሪያ መስቀላቸውን ተነጥቀዋል። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። በ1920 በጸሐፊያቸው በኩል ያስተላለፉት ሐሳብ፣ ባለ ሜዳዩ በነፍስ ግድያ ስቅላት ቢፈረድበት እንኳ ሜዳዩን አድርጎ ወደ መስቀያው መውጣት ይገባዋል የሚል ነበር። እስማማለሁ። ያ ቀን የተሠራው ሥራ ተሠርቷል፤ የኋላው ጥፋት በራሱ ይዳኝ።

ያላግባብ የተሰጠ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በ1917 አሜሪካኖች የቆዩ የክብር ሜዳዮችን መርምረው 911 ስም ሰረዙ። ከእነዚህ 864ቱ የአንድ የሜይን ክፍል ወታደሮች ነበሩ። በ1863 የአገልግሎት ጊዜያቸው ሲያበቃ፣ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ዋሽንግተንን ጠብቁ፣ የቆየ ሜዳይ ያገኛል ተባሉ። 300 ያህሉ ቆዩ፣ ሌሎቹ ሄዱ። የቆዩትን ዝርዝር በአግባቡ የያዘ ስላልነበረ ለሁሉም ተሰጠ። በዚያው ስረዛ ሐኪሟ ሜሪ ዎከርም አብራ ተሰረዘች፤ ሜዳይዋን ግን እስከ ሞተች ድረስ ከደረቷ አላወለቀችም። በ1977 ተመለሰላት። ያን ሜዳይ ያገኘች ብቸኛ ሴት ናት።

ጥያቄ፦ የጀርመኑ የብረት መስቀል ለምን ከብረት ሆነ?

ፕሩሲያ በመጋቢት 1813 ናፖሊዮንን ለመዋጋት ስትነሣ ሕዝቡ ወርቁን ለጦርነቱ እየሰጠ የብረት ጌጥ ያደርግ ነበር። ሜዳዩም የዚያን ዘመን ችግር ለበሰ። ኋላ ግን ረከሰ፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ሁለተኛው ደረጃ በሚሊዮኖች ተሰጠ፤ እንዲህ ሲሆን በትክክል ያገኘው ሰው ይበደላል። ስዋስቲካ ያለበት የ1939ኙ ዓይነት በዛሬዋ ጀርመን አይደረግም፤ በ1957 በወጣ ሕግ አርበኞች ምልክቱ የተነሣለትን እንዲያደርጉ ተፈቀደ።

ጥያቄ፦ ሽልማቱን የመለሰ ወይም የጣለ ሰው አለ?

አለ። ባለቅኔው ሲግፍሪድ ሳሱን በ1917 የወታደራዊ መስቀሉን ሪባን መርዚ ወንዝ ውስጥ ጣለው። በሚያዝያ 1971 ከቬትናም የተመለሱ አርበኞች ዋሽንግተን ውስጥ በምክር ቤቱ ፊት ሜዳዮቻቸውን ወረወሩ። በቬትናም ከ20 በላይ ቁስለኞችን ያወጣው ቄስ ቻርለስ ሊተኪ በ1986 የክብር ሜዳዩን መለሰ። እነዚህን ሰዎች ከሃዲ የሚል መልእክት ደርሶኛል፤ አልቀበለውም። ሜዳዩን በደማቸው ያገኙ ናቸው፤ ምን እንደሚያደርጉበት የመወሰን መብት ከእነርሱ በላይ ያለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ያላገኘውን ሜዳይ የሚያደርግ ሰው በሕግ ይጠየቃል?

በብዙ አገር ይጠየቃል። አሜሪካ ውስጥ ሜዳይ አለኝ ብሎ መዋሸትን በራሱ ወንጀል ያደረገ ሕግ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ከመናገር ነፃነት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። በ2013 የወጣው ሕግ የሚቀጣው ገንዘብ ወይም ጥቅም ለማግኘት ሲል የሚዋሸውን ነው።

ጥያቄ፦ ለእንስሳትም ይሰጣል?

ይሰጣል። ከ1943 ጀምሮ አንድ የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የዲኪን ሜዳይን ለውሾች፣ ለፈረሶችና ለርግቦች ይሰጣል። ጂ አይ ጆ የተባለች ርግብ በ1943 ጣሊያን ውስጥ የራሷ ወገን ጦር የገባበት መንደር በራሱ አውሮፕላኖች ሊደበደብ ሲል መልእክቱን በሰዓቱ አድርሳለች።

ጥያቄ፦ የአያቴን ሜዳይ አግኝቻለሁ፤ ወረቀቱ የለም። ጥቁር ብሏል። ላስወልውለው? ምን ላድርግበት?

አትወልውለው። የብረት ማጽጃ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ያለውን ስምና ቁጥርም አብሮ ይበላል፤ ያ ጽሑፍ ደግሞ ማንነቱን የሚነግርህ ነው። መጀመሪያ ጠርዙንና ጀርባውን በማጉያ መነጽር ተመልከት፣ ያየኸውን ፊደል ሁሉ ባይገባህም ቅዳው። ሪባኑን አትጠበው፣ አትቁረጠው። በላስቲክ ከረጢት አታፍነው፤ በደረቅ ቦታ፣ በንጹሕ ወረቀት ወይም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው።

ከዚያ አያትህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ካሉ ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ። ታላቅ አክስትህ፣ አብሮት የዘመተ ሰው፣ የጎረቤት አዛውንት፣ ማንም ይሁን። መቼ ዘመተ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ሲያወራ ሰማችሁ ብለህ ጠይቅ። የነገሩህን በራሳቸው አነጋገር ጻፍ፣ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን ከታች አድርግ፣ አስፈርማቸው። እርግጠኛ ያልሆኑበትን እርግጠኛ አይደሉም ብለህ ጻፈው። ወረቀቱን አጥፈህ ከሜዳዩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ክተተው።